የሰመጠው ቦርዱ ነው ወይስ እኔ?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዓምድዎን ሁልጊዜ ከባለቤቴ ጋር ነው የማነበው። ይህን ደብዳቤ ግን የምጽፈው ከእሷ ተደብቄ ነው። ምክንያቱ ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ እኖራለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ83፣ ክብደቴ 112 ኪሎ ነው። የሌሊት ሥራ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሰመር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ኖርዝ ካሮላይና፣ ኬፕ ሃተራስ ሄደን ሁለት ቀን ዊንድሰርፊንግ፣ ማለትም ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ ውሃ ላይ መሄድ፣ ተማርኩ። ውሃው ከወገቤ አያልፍም ነበር። በሁለተኛው ቀን ሸራውን አነሳሁ፣ ቆምኩ፣ ሄድኩ። ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎ፤ 11 ዓመት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጮህ የኖረው ነገር ሁሉ ጸጥ አለ።

ዕቁብ ሲደርሰኝ ከገንዘቡ 650 ዶላር አውጥቼ ያገለገለ ቦርድ ከነሸራው ገዛሁ። 117 ሊትር የሚል ተጽፎበታል። ሻጩ «ላንተ ይበቃል» አለኝ። ፖቶማክ ወንዝ ላይ አውርጄ ስቆምበት ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ዋጠኝ። ሸራውን ስጎትት ቦርዱ ከሥሬ ይሸሻል፤ እኔ እወድቃለሁ። አራት ቀን ሞከርኩ፤ አራቱንም ቀን ላይፍ ጃኬቴ ተሸክሞኝ፣ ቦርዱን እየገፋሁ ወጣሁ። በደንብ መዋኘት እንኳ አልችልም። የ11 ዓመት ልጄ ዳር ቆሞ ያየኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «መጀመሪያ ሆድህን ቀንስ፤ ከዚያ ነፋሱ ይገፋሃል» እያለ ሰው ፊት ይስቅብኛል።

ለባለቤቴ ቦርዱን ሰው አውሶኝ ነው ብያታለሁ። አንድ ቀን ውሃ እየተንጠባጠብኩ ስገባ «ልጆቼን ያለ አባት ልታስቀራቸው ነው?» ብላ ፊቷን አዞረች።

አሁን አንዱ 165 ሊትር ሰፊ ቦርድ ከ9 ካሬ ሜትር ሸራ ጋር ግዛ ይለኛል። ሌላው የድሮ ረጅም ቦርድ ፈልግ ይላል። ወንዙ ላይ ደግሞ አንድ ወጣት በቀላል ነፋስ ፎይል (ከሥሩ ክንፍ ያለው ቦርድ) ላይ ሆኖ ሲበር አያለሁ፤ ያስቀናል። ከ1,200 ዶላር በላይ የለኝም። የምኖረው አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነፃ የምሆነው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ብቻ ነው።

ሌላ ልግዛ? መጀመሪያ ክብደት ልቀንስ? ወይስ ይቅርብኝ?

ሰማጩ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ወንድሜ፣

«ሰማጩ» ብለህ መፈረምህ አሳቀኝም፣ ሆዴንም አባባው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሒሳቡን እንሥራ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ።

እያንዳንዱ የቦርድ ሊትር እንደ ፖቶማክ ባለ ጨው የሌለው ውሃ ላይ 1 ኪሎ ያህል ይሸከማል። አንተ 112 ኪሎ ነህ። እንዲህ ያለ ቦርድ ራሱ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ምሰሶው፣ ቡሙ (በእጅህ የምትይዘው ዘንግ) እና ሸራው ተደምረው 9 ያህል ይሆናሉ። የረጠበው ልብስህና ላይፍ ጃኬቱ 3 በል። ድምሩ 132 ነው። የቦርዱ አቅም 117። 15 ኪሎ ተሸካሚ አጥቷል ማለት ነው። ውሃው እግርህን የዋጠው ለዚህ ነው።

አሁን የጓደኛህን ምክር በዚሁ ወረቀት ላይ እንፈትነው። 20 ኪሎ ቀነስክ እንበል። ድምሩ 112 ይሆናል፤ የሚተርፍህ 5 ሊትር ነው። በ5 ሊትር ትርፍ ላይ ቆሞ ሸራ ጎትቶ የሚያነሳ ጀማሪ እኔ አላየሁም። ጓደኛህ የሚለውን ሁሉ ፈጽመህ፣ ዓመት ሙሉ ምግብ ቀንሰህ ብትመጣም ያው ቦርድ ያው ውሃ ውስጥ ይጥልህ ነበር። ስለ ክብደትህ ከሐኪምህ ጋር የምታወራው ነገር ካለ አውራ፤ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። ለዚህ ወንዝ ግን ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጓደኛህ እንደገና ሲጀምርህ ወረቀቱን ስጠውና ራሱ ይደምር።

ቦርዱም ክፉ ሆኖ አይደለም። የተሠራው 20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ) ለሚደርስ ነፋስና ውሃ ውስጥ ተንጋልሎ በሸራው ጉልበት መነሳት ለሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ቦርድ ሲፈጥን ውሃው ራሱ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲቆም ግን ይጠልቃል። ሃተራስ ላይ የቆምከው ምናልባት 200 ሊትር ያለፈ ሰፊ የትምህርት ቤት ቦርድ ላይ ነው። እዚያ ያለው ውሃ ደግሞ ጨው ስላለበት ትንሽ ተጨማሪ ያግዛል፤ ጥልቀቱም ወገብ ነው። ስለዚህ የሃተራሱ ችሎታህ የውሸት አልነበረም። አንተ ያው ነህ፤ ከሥርህ ያለው ነገር ነው የተቀየረው።

ለጀማሪ፣ ያውም በቀላል ነፋስ፣ ከራስ ክብደት 80 ወይም 100 ሊትር በላይ መያዝ ደህና ነው። ላንተ ከ192 እስከ 212 ሊትር መሆኑ ነው። ስለዚህ 165 ሊትሩን ያመጣብህ ሰው በቅን ልቦና ቢናገርም ገና ከጅምሩ ጎድሎበታል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ነፃ በምትሆንበት ሰዓት ወንዙ ላይ ስንት ነፋስ አለ? ወንዙ ላይ በደህናው ቀን የሚነፍሰውን አይደለም የጠየቅኩህ። ያንተን ሰዓት ነው። ሰመር ላይ ጠዋት ብዙውን ጊዜ ነፋሱ ገና አልነቃም፤ የሚነሳው ምድሩ ከጋለ በኋላ፣ ከሰዓት ነው። ደግነቱ የሬገን አውሮፕላን ማረፊያ እዚያው ወንዙ ዳር ነው፤ የነፋሱ ልኬት በየሰዓቱ ስለሚወጣ ስልክህ ላይ ታገኘዋለህ። ለአራት ሳምንት፣ ነፃ በሆንክባቸው ጠዋቶች ብቻ፣ 3 ሰዓትና 5 ሰዓት ላይ ቁጥሩን ማስታወሻ ላይ ጻፍ፤ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። 10 ኖት ማለት በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። እኔ እንደምገምተው ገጽህ በ5፣ በ7 እና በ8 ይሞላል። ቁጥሩ ሌላ ከሆነ ጻፍልኝ፤ ምክሬም ይቀየራል።

ይህን የምልህ እኔም ተቃጥዬበት ነው። ሲያትል ሳለሁ፣ በ96 ኪሎዬ፣ ለሌክ ዋሽንግተን ብዬ በጣም ሰፊና አጭር ቦርድ ገዛሁ። 12 ኖት ሲነፍስ በትልቅ ሸራ ከውሃው ተነስቶ ይንሸራተታል ተብዬ ነበር። እውነት ነው፣ ይንሸራተታል። ችግሩ እኔ በምወጣበት ሰዓት 12 ኖት የሚነፍሰው ስንት ቀን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሁለት ሰመር ሙሉ ጠረጴዛ እየገፋሁ ሐይቅ የምሻገር ነበር የሚመስለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦርድ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ ፕሌኒንግ የሚሉት ነው፤ ቦርዱ ውሃውን መግፋት ትቶ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ለዚህ ስፋትና ጉልበት ያስፈልጋል። 112 ኪሎ ለማስነሳት ደግሞ 9 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ሸራ፣ ደህና ነፋስና ልምድ ይጠይቃል። ሁለተኛው እንደ ጀልባ ውሃውን ቀዶ መሄድ ነው። እዚህ ላይ የሚያግዝህ ርዝመት ነው። የጣና ታንኳ አይተህ ታውቃለህ? ደንገሉ ቀጭንና ረጅም ሆኖ የታሰረው ለውበት አይደለም። ሰውና ማገዶ ጭኖ፣ ያለ ነፋስ፣ በአንድ ሰው ክንድ ይሄዳል። አጭርና ሰፊ ቢሆን ኖሮ ቀዛፊው ደረቱ ይሰነጠቅ ነበር። በ6 ኖት ጠዋት አንተን የሚያስፈልግህ የታንኳ ዘመድ ነው።

ስለዚህ ያለ ብዙ ማመንታት ረጅም ቦርድ እልሃለሁ፤ ከመሃሉ ዳገርቦርድ ያለው። ዳገርቦርድ ማለት በእግርህ ገፋ አድርገህ ወደ ውሃው የምታወርደውና መልሰህ የምታነሳው ሰሌዳ ነው። ሲወርድ ቦርዱ ወደ ጎን አይንሸራተትም፤ በዝግታ እየሄድክም ወደ ነፋሱ አቅጣጫ መውጣት ትችላለህ። ጀማሪ ደግሞ ሁልጊዜ ነፋሱ ወደወሰደው ነው የሚሄደው። ፖቶማክ እስከ ዋሽንግተን ድረስ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ይከተላል። ነፋሱ ደክሞ ውሃው ወደ ታች መፍሰስ ከጀመረ ያለ ዳገርቦርድ የወጣህበት ዳር እየራቀህ ይሄዳል። አራቱን ቀን እየገፋህ የተመለስከው አንድም ለዚህ ነው።

የፎይሉ ነገር ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ከቦርዱ ሥር ያለው ክንፍ ስለሚያነሳው በ10 ኖትም ይበራል፤ ለከባድ ሰውም ትልቅ ክንፍ አለው። ግን መጀመሪያ ሸራ መቆጣጠር ማወቅ ይፈልጋል፣ አንድ ሜትር ገደማ ወደ ታች ስለሚወርድም ጥልቅ ውሃና ከአረም የጸዳ ቦታ ይፈልጋል። ሲጥልህም ሹል ነገር ላይ ነው። ለሁለት ዓመት አስቀምጠው።

ረጅም ስል ግን የቱ ረጅም? እዚህ ላይ አፓርታማህ ጣልቃ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2004 ኦሎምፒክ ላይ ይወዳደሩበት የነበረው ሚስትራል ዋን ዲዛይን 3 ሜትር ከ72 ነው። አንዳንዴ በርካሽ ይገኛል፤ በቀላል ነፋስም ይሮጣል። ስፋቱ ግን 63 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ላንተ ይወዛወዝብሃል፤ አሳንሰር ውስጥም አይገባም። ዊንድሰርፈር ኤልቲ የሚባለው 3 ሜትር ከ66 ነው። እሱ ሰፋ ይላል፣ 225 ሊትርም ይይዛል፤ ሒሳቡን ብትሠራው 86 ሊትር ገደማ ይተርፍሃል። አዲሱ ግን ከበጀትህ ያልፋል፤ ያገለገለ ካገኘህና የምታስቀምጥበት ቦታ ካለህ አትለፈው። ኮና የሚባለውም 3 ሜትር ተኩል ገደማ ሆኖ ለከባድ ሰው የሚመች ነው።

ማስቀመጫ ከሌለህስ? እንግዲያው ቢክ ቴክኖ 293ን ፈልግ። ስሙ እንደሚለው 2 ሜትር ከ93 ነው፤ ስፋቱ 79 ሴንቲ ሜትር፣ 205 ሊትር፣ ዳገርቦርድ አለው። ታዳጊዎች በዓለም ዙሪያ ስለተወዳደሩበት ያገለገለው አይጠፋም፤ ጠንካራም ነው። 12 ኪሎ ይመዝናል። አንተ፣ እሱ፣ ሸራውና ልብስህ 136፤ ትርፉ 69 ሊትር። እንደ ረጅሙ በዝግታ አይፈስም፣ ግን ቆመህ ሸራ ታነሳበታለህ፣ መኪና ጣሪያ ላይም ያለ ጣጣ ይታሰራል። ደረጃ ላይ ሲያዞሩት ግድግዳ ይነካል፤ ለእሱ እንኳ መላ አይጠፋም። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ ጀልባ ማቆሚያዎቹ ዘንድ ሄጄ የቦርድ መደርደሪያ ኪራይ እጠይቅ ነበር። ከተገኘ ረጅሙን፣ ካልተገኘ 293ን።

ሸራውን በተመለከተ፣ ከባድ ሰው ትልቅ ሸራ ይፈልጋል የሚሉህ ልክ ናቸው፤ ግን ዛሬ አይደለም። 9 ካሬ ሜትር ሸራ ውሃ ተኝቶበት ሃያ ጊዜ መጎተት ወገብ ይቆርጣል። ከ6 ተኩል እስከ 7 ተኩል ባለው ጀምር። ስትጎትት ጉልበትህን እጠፍ፣ ጀርባህን ቀጥ አድርግ፣ ክንድህን ትተህ ክብደትህን ወደ ኋላ ስጥ። ክብደትህ የሚክስህም እዚህ ላይ ነው። ሸራው በድንገት ሲስብ 65 ኪሎ ሰው ተወርውሮ ይሄዳል፤ አንተ ግን ተደግፈኸው ትቀራለህ።

የድሮውን ፊንም (ከቦርዱ ኋላ ሥር ያለችውን አቅጣጫ የምትይዝ ሰሌዳ) ለውጥ። ሃይድሪላ የሚባለው አረም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፖቶማክ ውስጥ አለ፤ ሰመሩ ሲገፋ ውሃው ላይ ምንጣፍ ይሠራል። ቀጥ ያለ ፊን እየሰበሰበ መሄድ ይከለክልሃል። ወደ ኋላ ያዘነበለ የአረም ፊን ጠይቅ። እኔ ይህን ሳላውቅ የቆየሁበትን ጊዜ አልነግርህም።

አሁን ወደ ቤትህ ልግባ፤ ካልከፋህ።

ባለቤትህ «ልጆቼን ያለ አባት ልታስቀራቸው ነው?» ስትል አንተ ብስጭት ነው የሰማኸው። እኔ ደግሞ ደብዳቤህን ሁለቴ ሳነበው ፍርሃት ነው የሰማሁት። መዋኘት የማይችል ባሏ ወንዝ ገብቶ እየተንጠባጠበ ይመጣል፤ ልጇም ዳር ቆሞ ያያል። ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ አታውቅማ። በእሷ ቦታ ሆነህ ማታ ብትተኛ ምን ታስብ ነበር? እና ደግሞ፣ ውሃው ላይ ጭንቅላትህ ጸጥ እንደሚል ለእኔ የነገርከኝን ያህል ለእሷ ነግረሃታል? ወይስ የምታውቀው ቦርድ እንዳመጣህ ብቻ ነው?

ሁለተኛውን ቦርድ ከመግዛትህ በፊት ስለ መጀመሪያው ንገራት። ከገዛህ በኋላ ከሆነ ሁለት ውሸት ነው የምትናገረው። ዕቁብ የሁለታችሁ ነው። ብዙ መግቢያ አያስፈልገውም። «ቦርዱን አውሰውኝ አይደለም፤ ከዕቁቡ 650 አውጥቼ ገዛሁት። ተሸማቅቄ ነው የደበቅኩሽ። ልሸጠው ነው» በላት። ከዚያ ዝም በል። ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣ። ቁጣዋ ሲበርድ ስለ ፍርሃቷ ጠይቃት፤ መልስ ለመስጠት አትቸኩል።

እኔ ብሆን ለፍርሃቷ ይዤላት የምቀርበው ቃል ሳይሆን ነገር ነው። የከተማው መዋኛ ገብተህ ለአዋቂዎች በሚሰጠው ትምህርት ተመዝገብ፤ ልጅህንም ይዘኸው ግባ፣ እሱ ደስ ይለዋል። የምትለብሰው ላይፍ ጃኬት በደረትህ ልክና በክብደትህ የተሠራ መሆኑን ተለጣፊው ላይ አንብብ፤ ያለሱ አትውጣ። ነፋሱ ከዳር ወደ መሃል የሚነፍስበት ቀን ከሆነ ቦርዱን ከመኪናው አታውርድ። መጋቢት ላይ ፀሐይ ወጣች ብለህ አትታለል፤ አየሩ ሲሞቅ ውሃው ገና በረዶ ነው። የምትመለስበትን ሰዓት የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑርህ፤ እሷ ብትሆን ደግሞ ከማንም ይሻላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡናውን በፔርሙዝ ይዛችሁ አብራችሁ ውረዱ። ዳር ዳሩን፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ ቆመህ ስትሄድ ትይህ። እስካሁን ያየችው እየተንጠባጠብክ ቤት ስትገባ ብቻ ነው።

117 ሊትሩን ስትሸጥ እውነቱን ጻፍበት፤ ለቀላል ሰው ወይም ለኃይለኛ ነፋስ ብለህ። እንዳንተ ያለ ሌላ ሰው አይሰቃይበት። ሸራው መጠኑ የሚሆን ከሆነ ለራስህ አስቀረው፤ ምሰሶው አዲሱ ቦርድ ላይ መግጠሙን ግን ሳታይ አትክፈል። በተለይ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ የድሮ ቦርዶች ላይ ምሰሶው የሚሰካበት መያዣ የራሳቸው ዓይነት ነው፤ ከጠፋ ሌላ አታገኝለትም። በነጻ የሚሰጡህ ቦርዶች ብዙ ጊዜ ጉዳቸው እዚያ ነው።

ቦርዱን ስታይ በአውራ ጣትህ መሃሉን፣ የምትቆምበትን ቦታ ሁሉ ተጫን። እንደ ስፖንጅ ገባ ካለ ውስጡ ተለያይቷል፤ ተወው። አንስተህ ነቅንቀው፤ ውሃ ሲንቀሳቀስ ከሰማህ አመስግነህ ሂድ። ዳገርቦርዱን አስር ጊዜ አውርደህ አንሳው። ላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ብሎንም አትርሳ፤ ውሃ ላይ ከመውረድህ በፊት መጥበቋን እይ፤ ስንቱ ቦርድ በእሷ ምክንያት ውሃ ጠጥቷል።

ደግሞ ከቤት ስትወጣ የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን መኪናህ ውስጥ ጣል። ቴክኖ 293 ተብሎ 12 ኪሎ መሆን ሲገባው 16 ከመዘነ ውሃ ገብቶበታል። ሻጩ ሚዛኑን ሲያይ ቢስቅ አትፈር፤ ለቦርዱ መሆኑን ንገረው።